የአየር ማስተካከል ሙያና የስሙ ታሪክ

በአማርኛ «አየር ማቀዝቀዣ» የምንለው መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከሚሠራቸው ሥራዎች ከአንዱ ብቻ ነው። መሣሪያው አየርን ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን እንደ ዐይነቱ ያሞቃልም፣ ያጣራልም፣ ያንቀሳቅሳልም፤ ከሁሉም በላይ የአየሩን እርጥበት ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ይህ የመጨረሻው ተግባር ሙያው የተወለደበት ምክንያት ሆኖ ሳለ በአማርኛው ስም ውስጥ ምንም ፍንጭ የለውም። ተርጓሚ በግንባታ ውል ወይም በጥገና መመሪያ ላይ ሲሠራ «ማቀዝቀዣው ክፍሉን ያሞቃል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚገደደው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስያሜው ከየት እንደ መጣ፣ በማን እጅ እንዳደገና ወደ እኛ ሲደርስ ምኑ እንደ ተቀነሰ ለማሳየት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙያው ሲጀመር የማሞቅ ሙያ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ቦይለር፣ የእንፋሎት ቧንቧና ራዲያተር እየተከሉ የሚኖሩ ባለሙያዎች በርክተው ስለ ነበር በ1894 የማሞቅና የማናፈስ መሐንዲሶች ማኅበር ተቋቋመ። የማቀዝቀዝ መሐንዲሶች፣ ማለትም የበረዶ ፋብሪካው፣ የቢራ ጠመቃውና የሥጋ ማከማቻው ሰዎች፣ በ1904 የራሳቸውን ማኅበር ለብቻ መሠረቱ። የመጀመሪያው ማኅበር በ1954 ከስሙ ላይ «ማናፈስ»ን አውጥቶ «አየር ማስተካከል»ን አስገባ፤ በ1959 ሁለቱ ተዋሐዱ። ለቃላት ተመራማሪ ይህ የስም ለውጥ ራሱን የቻለ ሰነድ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ የተለያዩ ገበያዎች፣ የተለያዩ ባለሙያዎችና የተለያዩ ቃላት ነበሯቸው፤ በአንድ ጥላ ሥር የሰበሰባቸው ከማሞቂያውም ከበረዶ ቤቱም ያልመጣ ሦስተኛ ቃል ነው።

ከቃሉ በፊት ግን ነገሩ ተገኘ። በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን፣ ሳኬትና ዊልሄልምስ የተባለ ማተሚያ ቤት ባለ ቀለም መጽሔት ያትም ነበር። ባለ አራት ቀለም ሥዕል በሚታተምበት ጊዜ አንዱ ወረቀት በየቀለሙ እየተመላለሰ በማተሚያው ሥር ያልፋል። ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ አየሩ ሲረጥብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ስለዚህ ዛሬ በቀዩ ቀለም የታተመው ወረቀት ነገ ሰማያዊው ሲጨመርበት በመጠኑ ያው ወረቀት አይሆንም፤ የሥዕሉ ከንፈር ከፊቱ ወጥቶ ይታተማል። በበጋ ወበቅ ሥራው ይበላሽ፣ ወረቀቱ ይባክን፣ ቀጠሮውም ያልፍ ነበር። ችግሩ ባፋሎ ፎርጅ ወደሚባለው የማራገቢያና የማሞቂያ ድርጅት የኒው ዮርክ ሽያጭ ቢሮ ደረሰ። የቢሮው ኃላፊ ኧርቪን ላይል ጥያቄውን የመራው በ1901 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለተመረቀ የ25 ዓመት መሐንዲስ ሲሆን የዚህ ሰው ስም ዊሊስ ካሪየር ነው። የካሪየር ንድፍ ቀኑ ሐምሌ 17 ቀን 1902 ነው። ግቡም በዓመቱ ወራት ሁሉ የአዳራሹን አንጻራዊ እርጥበት 55 በመቶ ላይ ማቆየት ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ደንበኛው ቅዝቃዜ አልጠየቀም። ለማተሚያው ሠራተኞች ምቾት የተደረገም ነገር አልነበረም። ቅዝቃዜ በዚህ ሥራ ውስጥ መሣሪያ እንጂ ዓላማ አይደለም፤ ሌሊት የቀዘቀዘ አየር በሣር ላይ ጤዛ ጥሎ እንደሚያድር ሁሉ፣ በማሽን የቀዘቀዘ አየርም የያዘውን ውሃ በቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ጥሎ ደርቆ ይወጣል። ወረቀቱን ያዳነው መድረቁ ነው፤ መቀዝቀዙ ተከትሎ የመጣ ነው።

ካሪየር ከዚህ በኋላ የደረሰበት ሐሳብ ይበልጥ እንግዳ ነበር። በፒትስበርግ ባቡር ጣቢያ ጭጋግ ውስጥ ቆሞ ሳለ እንደ መጣለት ራሱ ይተርክ ነበር ይባላል፦ ጭጋግ ውሃ የጠገበ አየር ነው፤ ስለዚህ የሚረጨውን ውሃ ሙቀት የወሰነ ሰው አየሩ ምን ያህል ውሃ ይዞ እንዲወጣ መወሰን ይችላል። ከዚህ ሐሳብ አየርን ውሃ በመርጨት የማድረቅ ዘዴ ተገኘ። ውሃው በበቂ ሁኔታ ከቀዘቀዘ በውስጡ ያለፈው አየር ከገባበት ይልቅ ደርቆ ይወጣልና። ጥር 2 ቀን 1906 የተሰጠው የፈጠራ መብት ወረቀት መሣሪያውን የሚጠራው በጥሬው «አየርን ማከሚያ» ልንለው በምንችለው ስም ነው። በዚያ ሰነድ አርእስት ላይ «ማቀዝቀዝ» የሚል ቃል የለም።

አሁን የምናውቀውን ስም ያወጣው ካሪየር አይደለም። በሰሜን ካሮላይና፣ በሻርሎት ከተማ፣ ስቱዋርት ክሬመር የሚባል የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ነበር። በፈተላ አዳራሽ ችግሩ የማተሚያ ቤቱ ተቃራኒ ነው፤ የሞተሮቹ ሙቀት አየሩን ያደርቀዋል፣ የደረቀ ክርም ይበጠሳል፣ ይበናል፣ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ስለዚህ የክሬመር ሥራ አየሩን ማርጠብ ነበር። በጥጥ ፋብሪካዎች ዘንድ የተፈተለውን ክር ተፈጥሯዊ እርጥበቱን መልሶ እንዲያገኝ ማድረግ «ኮንዲሽኒንግ» ይባል ስለ ነበር፣ በ1906 ክሬመር ቃሉን ከክሩ ወደ አየሩ አሸጋገረው፤ ማርጠብን፣ ማጣራትን፣ ማሞቅንና ማናፈስን በአንድነት እንዲይዝለት አስቦ። ከክሩም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ሐር እርጥበት ሲጠጣ ይከብዳል፤ በክብደት የሚሸጥ ዕቃ ደግሞ በውሃ ቢከብድ የሚጎዳው ገዥ ነው። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በ1805 የተቋቋመው የመንግሥት ቤት ሐርን እያደረቀ ትክክለኛ ክብደቱን ይመሰክር ነበር፤ የዚህም ቤት ስም «ኮንዲሲዮን» ነበር። እንግዲህ በዛሬው ገበያ የሙቀትና የብርድ ቃል የመሰለን ስም የተወለደው ከሚዛን፣ ከእርጥበትና ከንግድ ታማኝነት ነው።

ባፋሎ ፎርጅ ይህን የክሬመርን ቃል ወስዶ በካሪየር ስም የተሰየመ ቅርንጫፍ ኩባንያ አቋቋመበት። ይሁን እንጂ ጦርነት በአውሮፓ ሲነሣ ድርጅቱ ወደ ፋብሪካ ምርቱ ብቻ መሰብሰብ ፈለገ። በዚህ ምክንያት ካሪየር፣ ላይልና ሌሎች አምስት ወጣት መሐንዲሶች በ1915 ያጠራቀሙትን አዋጥተው በ32,600 ዶላር የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። ደመወዝተኞች የነበሩት ሰዎች ባለንብረት ሆኑ፤ ፋብሪካ ግን አልነበራቸውም። ማራገቢያውን፣ ቧንቧውንና መጭመቂያውን ከሌሎች እየገዙ ይተክሉ ነበር፤ ከሻጮቹም አንዱ ያሰናበታቸው ድርጅት ራሱ ነበር። ታዲያ ሰባቱ የሚሸጡት ምንድን ነው? የሚሸጡት ዕቃ ሳይሆን ውጤት ነበር። በውላቸው የአዳራሹን ሙቀትና እርጥበት መጠን ለይተው ዋስትና ይሰጣሉ፤ ያ ካልተገኘ ሥራው እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል። እንዲህ ዐይነት ውል ሊጻፍ የሚችለው ነገሩን በልክ የሚጠራ ቃልና በልክ የሚቆጥር ስሌት ሲኖር ነው። ስሌቱን ካሪየር በ1911 ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቅርቦት ነበር፤ ሙቀትን፣ እርጥበትንና የጤዛ ነጥብን ያስተሳሰረው ይህ ሰንጠረዥ ዛሬም በየሙያ ትምህርት ቤቱ ይማሩበታል። በማስታወቂያቸው ላይ ደግሞ የሚሸጡትን «በፋብሪካ የተሠራ የአየር ጠባይ» ብለው ይጠሩት ነበር። ይህን ሐረግ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ቃሉ የጠበበው በሲኒማ ቤት ነው። ካሪየር በ1922 ይፋ ያደረገው አዲስ የማቀዝቀዣ ማሽን ለሕዝብ አዳራሽ የሚመች ስለ ነበር፣ በ1925 በኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ አጠገብ ባለው ሪቮሊ ቲያትር ተተከለ። ከዚያ ወዲያ ሲኒማ ቤቶች በበጋ የሚያስተዋውቁት ፊልሙን ብቻ አልነበረም፤ በረዶ የተንጠለጠለባቸው በሚመስሉ ፊደላት ቅዝቃዜያቸውን ጭምር ነበር። ሕዝቡ ለእርጥበት ስሌት ጉዳይ አልነበረውም፤ ለእርሱ የገባውና ገንዘብ የከፈለበት ቅዝቃዜው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመስኮት ላይ የሚገጠመው ትንሽ መሣሪያ በየቤቱ ሲገባ ስሙ በእንግሊዝኛው ሰፊ ሆኖ ቢቀርም በሰው አእምሮ ውስጥ ትርጉሙ ጠቦ ነበር። አማርኛ የተቀበለው ያንን የጠበበውን ትርጉም ነው፤ የማተሚያ ቤቱን ሳይሆን የሲኒማ ቤቱን።

ሌሎች ቋንቋዎች በተለያየ መንገድ ሄደዋል። ፈረንሳይኛ ከ«ክሊማ» ተነሥቶ «ክሊማቲዛሲዮን» ይላል፤ ጀርመንኛም ከዚያው ሥር መሣሪያውን ይሰይማል። ዐረብኛ «ተክዪፍ» ሲል «እንዴት» ከሚለው «ከይፈ» ወስዶ ነው፤ ሁኔታን ማበጀት ማለት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነትና በጥገና ሥራ የኖሩ ወገኖቻችን «ሙከየፍ» እያሉ ይዘውት የሚመጡት ቃል ይኸው ነው። ዕብራይስጥ «መዝጋን» የሚለውን ያገኘው «ሜዜግ አቪር» ካለው ሐረግ ሲሆን ትርጉሙ ቃል በቃል «የአየር ጠባይ» ነው። በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁለቱን ቃላት በየቀኑ ይሰማሉ፤ አንዱ የሌላው ልጅ መሆኑም ይታወቃቸዋል።

አማርኛ ለዚህ ዐይነት ስያሜ የሚሆን ጥሬ ዕቃ አጥቶ አይደለም። «የአየር ጠባይ» የምንለው ሐረግ ለአየር ባሕርይ ይሰጠዋል፤ ጠባይ ደግሞ ይስተካከላል፣ ይገራል፣ ይታረማል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለ አራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ውሃና ስለ መሬት፣ የተማረ ሰው እያንዳንዱ በሁለት መስፈርት እንደሚገለጽ ያውቃል፤ ውዑይ ወይም ቈሪር፣ ርጡብ ወይም ይቡስ። ከሙቀቱና ከብርዱ ጎን እርጥበቱና ድርቀቱ ሳይነገር የነገሩ ባሕርይ ተገልጿል አይባልም። የካሪየር ሰንጠረዥም ያለ ሁለቱ መስፈርቶች አይነበብም። ከዚህ አንጻር ሲታይ «ማቀዝቀዣ» የሚለው ስም ከሳይንሱ ብቻ ሳይሆን ከራሳችን ትምህርትም ግማሹን የጣለ ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለሰፊው ጽንሰ ሐሳብ «የአየር ጠባይ ማስተካከል»፣ ባጭሩም «አየር ማስተካከል» ይበቃል፤ መሣሪያው «አየር ማስተካከያ» ይባላል። «አየር መግራት» የሚለው በጆሮ ያማረ ቢሆንም በውል ላይ ሲጻፍ ፈገግታ ይጋብዛል። «ኮንዲሽነር»ን እንዳለ መቀበል የሚሻሉ ባልደረቦች አሉ፤ ነገር ግን የውጭው ቃል ከጠጉር ቅባት ጋር ስለሚጋራ ሁለት ዕዳ ተሸክሞ ይገባል። «ማቀዝቀዣ» የሚለውን የአደባባይ ቃል መሻር አያስፈልግም፤ የሚያቀዝቅዝ ብቻ ለሆነው መሣሪያ፣ ለመጠጥና ለምግብ ማቆያውም ጭምር፣ በቦታው ይቆይ። ልዩነቱ የሚያሻው ግዴታ በሚጻፍበት ቦታ ነው። በድሬዳዋ፣ በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ ዐይነት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈተላው አዳራሽ የሚፈልገው በዋነኛነት እርጥበት ነው፤ ጨረታው «ማቀዝቀዣ» ብሎ ከወጣ የሚያቀዝቅዝና የሚያደርቅ መሣሪያ ያቀረበ ነጋዴ ውሉን ፈጽሟል ብሎ ሊከራከር ይችላል። በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪው በአማርኛ ሰነድ ያቀርባሉ፤ አከራይ በክረምት ቤቱን የማሞቅ ግዴታው አንድ ነገር፣ በበጋ የማቀዝቀዙ ጉዳይ ሌላ ነገር በሆነበት አገር፣ በአንድ ማሽን የሚሠሩትን ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ የማይጠራ ትርጉም ተከራዩን መብቱን ያሳጣዋል።

ስለ «ቶን» ባጭሩ እንናገር። በሙያው «ባለ ሁለት ቶን» ሲባል የማሽኑ ክብደት አይደለም። ከማሽኑ በፊት የነበረው ንግድ የበረዶ ንግድ ነበር፤ ፍሬድሪክ ቲውዶር የተባለ የቦስተን ነጋዴ በ1806 የኩሬ በረዶ በመርከብ ጭኖ ወደ ማርቲኒክ ደሴት እስከ መላክ ደርሶ ነበር። ማሽን ሻጮችም በረዶ የለመደውን ደንበኛ በሚያውቀው ቋንቋ አነጋገሩት፤ አንድ ቶን ማለት 2,000 ፓውንድ በረዶ በ24 ሰዓት ቀልጦ የሚወስደው ሙቀት ነው። ይህም በሰዓት 12,000 ቢቲዩ፣ ወይም ወደ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። የብሩክሊኑ ማሽን በቀን 108,000 ፓውንድ በረዶ ከማቅለጥ ጋር እኩል የማቀዝቀዝ አቅም እንደ ነበረው ተመዝግቧል፤ በዛሬው አነጋገር ባለ 54 ቶን ነው። ተርጓሚ «የማቀዝቀዝ ቶን» ብሎ ቢጽፍ ከስሕተት ይድናል።

ከሁሉ የከበደው «ጋዝ» የሚለው ቃል ነው። በማሽኑ ቧንቧ ውስጥ የሚዞረው ንጥረ ነገር በየጥገና ቤቱ «ጋዝ» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ጋዝ»ን የሚያውቀው ከመብራትና ከምድጃ ነው፤ ነጭ ጋዝ ይቀዳል፣ ይነዳል፣ ያልቃል፣ እንደ ገና ይገዛል። ስለዚህ ደንበኛው «ማቀዝቀዣዬ ጋዝ ጨርሷል፤ ሙላልኝ» ሲል ቃሉ ባስተማረው መንገድ እያሰበ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ይህ ንጥረ ነገር በማሽኑ ሥራ ውስጥ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፣ አይበላም። በአንዱ ጫፍ ተንኖ ሙቀት ይጠጣል፣ በሌላው ጫፍ ተጨምቆ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ የጠጣውን ሙቀት ይተፋል፤ መሣሪያው እስከሚያረጅም ድረስ ያው ንጥረ ነገር ይመላለሳል። ከጎደለ ቧንቧው ተበስቷል ወይም መጋጠሚያው ላልቷል ማለት ነው። ሐቀኛው ባለሙያ ቀዳዳውን ልፈልግ ሲል ደንበኛው ጊዜና ገንዘብ የሚያስወጣው ይመስለዋል፤ ሞልቶ የሚሄደው ርካሽ ይባልና በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይጠራል። የራሱን የጥገና ቤት ከፍቶ በቀጥተኛ መንገድ ለመኖር ለሚሞክር ሰው ይህ ቀላል ፈተና አይደለም፤ ቃሉ ከተፎካካሪው ጋር አብሮበታልና።

የሚያመልጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ደግሞ ታሪኩ ያስረዳል። በመጀመሪያ አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ይሠራባቸው ነበር፤ ሁሉም መርዛም ስለ ሆኑ ሲያፈሱ ሰው ይገድሉ ነበር። በ1928 ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ መርዝ የሌለውና የማይነድ ውሕድ አገኙ፤ በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ሚጅሊ እንፋሎቱን በአፉ ስቦ ሻማ አጠፋበት፤ በዚህም ሁለቱንም ጠባዮች በአንድ ትንፋሽ አሳየ። «ፍሪዮን» የተባለው የንግድ ስም በየአገሩ የዕቃው ስም ሆነ። በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ እነዚህ ውሕዶች የኦዞንን ንጣፍ እንደሚጎዱ አመለከቱ፤ የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነትም ምርታቸውን ገደበ። የተተኩት ውሕዶች ኦዞንን ባይነኩም ምድርን ያሞቃሉ፤ በቤት ማስተካከያዎች በሰፊው የሚገኘው አር-410ኤ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 ጊዜ በላይ የማሞቅ ኃይል አለው። በ2016 በርዋንዳ ዋና ከተማ የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ አብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች ከ2024 ጀምሮ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ህንድና ፓኪስታን ደግሞ ከ2028 ጀምሮ አጠቃቀማቸውን ከተወሰነላቸው መጠን በላይ እንዳያሳድጉ ይደነግጋል። ይህን ስምምነት የሚያስፈጽሙ መመሪያዎች በአማርኛ ሲጻፉ «ጋዝ መሙላት»ን እንደ ተራ የጥገና ሥራ ከጠሩ፣ ሊከለክሉት የመጡትን ነገር ራሳቸው ይፈቅዳሉ።

«አቀዝቃዥ ፈሳሽ» የሚለው አማራጭ ግማሽ መንገድ ይሄዳል፤ ንጥረ ነገሩ ግን የዑደቱን ግማሽ በተን መልክ ስለሚያሳልፍ «ፈሳሽ» ልክ አይደለም። ያሞቃልም፣ ስለዚህ «አቀዝቃዥ»ም አይሆንም። «ሙቀት አመላላሽ» ብንለው ይሻላል። አመላላሽ ሄዶ የሚመለስ ነው፤ «አለቀ» አይባልም፤ ከጎደለ «የት ሄደ?» ተብሎ ይጠየቃል። ባለሙያዎች በየሥራ ቦታቸው «ጋዝ» ማለታቸውን አይተዉም፤ መተውም አይጠበቅባቸውም። በውልና በመመሪያ ላይ ግን «ማቀዝቀዣው ጋዝ ሲጨርስ ይሞላል» የሚለው አንቀጽ «ሙቀት አመላላሹ ጎድሎ ሲገኝ ያመለጠበት ቦታ ተፈልጎ ይጠገናል፤ ከዚያ በኋላ በመጠኑ ይሞላል» ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው አንቀጽ አንድ ሥራ ያዛል፤ ሁለተኛው ሦስት ሥራ ያዛል፤ ዋጋቸውም አንድ አይደለም።